ቀጥ ያለ ትኩሳት

የአዲስ ኬላ በር ከብት አርቢ ሲመጣ መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣል። «እንደምን አደሩ? ከብቶችዎስ እንዴት አደሩ?» ይላል፣ ዜና አንባቢ በመሰለ ጨዋ ድምፅ። ቆላ ውስጥ ሰው ሲገናኝ ከልጆች ቀጥሎ የከብት ጤና እንደሚጠያየቅ አጥንተው ነው እንዲህ እንዲል ያደረጉት። ሰውየው ይመልሳል፣ በሩ ይከፈታል፣ መንጋው በጠባቡ መተላለፊያ አንድ በአንድ ያልፋል። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ የተተከለው ሙቀ-ዓይን ያያቸዋል። ሙቀ-ዓይን የሚሉት ሳይነካና ሳይወጋ፣ ከቆዳ የሚወጣውን ሙቀት ብቻ አይቶ በሽታን የሚለይ መሣሪያ ነው። ቀዝቃዛውን ሰማያዊ፣ ደህናውን አረንጓዴ፣ የጋለውን ቀይ አድርጎ ይሥላል። የላም ጡት ወተቱ ከመበላሸቱ ከሁለት ቀን በፊት እዚያ ላይ ይቀላል። የአፍና እግር በሽታ የያዘው በሬ ገና ለሃጩን ሳያዝረበርብ ሰኮናው ይቀላል። ይህን ማንም አይክድም። ዓይኑ ጥሩ ዓይን ነው።

ትርንጎ ይመር የዚህ ዓይን አረጋጋጭ ነበረች። ሕጉ «ያለ ሰው ማረጋገጫ ምንም መንጋ አይወገድም» ይላል፤ ስለዚህ መሣሪያው ፍርዱን ከሰጠ በኋላ አንድ ሰው አውራ ጣቱን መስታወት ላይ ማሳረፍ አለበት። ያ ሰው ትርንጎ ናት። በሙያዋ የእንስሳት ሐኪም ስትሆን፣ ኬላው ከመሠራቱ በፊት ከመንደር መንደር እየዞረች ላም ታዋልድ ነበር። አሁን ስድስት ዓመት ሙሉ ፎቅ ላይ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ጣቷን ታሳርፋለች። በግድግዳው ላይ «የመጨረሻው ውሳኔ የሰው ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል።

ማስወገዱን ደግሞ «ሽኝት» ብለው ጠርተውታል። ሽኝት! ሰው እንግዳውን እስከ መንገዱ አድርሶ፣ ትከሻውን ስሞ፣ ስንቁን አስይዞ የሚመለስበትን ደግ ቃል ወስደው፣ አየሩ ተመጥጦ በጋዝ በሚሞላ አዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶ ከብት አንድ ላይ ለሚወድቅበት ነገር ሰጡት። ከብቱን መግደል አንድ ነገር ነው፤ ለበሽታ ሲባል ግድ የሚልበት ቀን አለ። ቃሉን መግደል ግን ምን አመጣው?

ሌላም ነገር ነበር። አረጋጋጩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ምንም ካላደረገ መሣሪያው እንደተስማማ ይቆጥረዋል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ አዲስ ኬላ ውስጥ ግን ዝምታ ፊርማ ነው።

ያን ዕለት ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መስታወቱ በርቶ ድምፁ ተናገረ። «መንጋ አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ባለቤት ጂሎ ቡልቶ። ብዛት አንድ መቶ ሰማንያ ሦስት። ቀይ ስድሳ አንድ። የባለቤት ቃል፣ ትኩሳት አለ። ውሳኔ፣ ሽኝት በሙሉ። አረጋጋጭ፣ እባክዎ ያረጋግጡ።»

ከአሥር አንዱ ቀይ ከሆነ መንጋው በሙሉ ይሄዳል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ትርንጎ ጣቷን አነሳች። መስታወቱ ላይ ግን ቅድም የደፋችው ሻይ ነበረበትና ሳይጠረግ ጣት አይቀበልም። በካፖርቷ እጅጌ ጠረግ ጠረግ ስታደርገው አንዱ ምስል ተነካና ተለቀ። አንዲት ላም መስታወቱን ሞላችው። ጡቷ አረንጓዴ፣ ሰኮናዋ አረንጓዴ፣ ዓይኗ ዙሪያ አረንጓዴ። ቀይ የሆነው ቀኝ ትከሻዋ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ፣ ርዝመታቸው እኩል የሆነ፣ ቀጥ ያሉ ሁለት መስመሮች ነበሩ።

ትርንጎ ጣቷን ካፖርቷ ላይ ጠራረገችና ቀጣዩን ከፈተች። ቀኝ ትከሻ፣ ሁለት መስመር። ሦስተኛውን ከፈተች። ቀኝ ትከሻ፣ ሁለት መስመር።

ብግነት፣ ማለትም ሥጋ ታሞ ሲግልና ሲያብጥ የሚታየው ቅላት፣ እንደ ፈሰሰ ዘይት ነው። ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ወደሚቀርበው ሁሉ ይንሰራፋል። በሽታ ማስመሪያ የለውም። ቁጥሩን ደግማ ስታየው ደግሞ ሌላ ነገር ታያት። ስድሳ አንድ ሲባዛ በሦስት፣ አንድ መቶ ሰማንያ ሦስት። ልክ ሲሶው። ወረርሽኝ አንዱን ይዞ ሁለቱን እየዘለለ፣ እንደ ግብር ሰብሳቢ ቆጥሮ የሚገባበት መንጋ በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ከስድስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ሰዓት ደረጃውን ወረደች።

ሰው ወደ ግቢው የሚገባው ውጭና ውስጥ ሁለት መስታወት ባላት በትንሿ በር ነው፤ እሷም እንደ ትልቁ በር ትጠይቃለች፣ ታያለችም። ትርንጎ «ደህና» አለቻትና አለፈች። ግቢው ውስጥ ከብቶቹ በአጥር ታግተው ቆመዋል። ከአጥሩ ባሻገር ውኃ የሚጠጣው አረንጓዴው ክልል ይታያል፤ ዝናብ ከቀረ ሁለት ዓመት ስለሆነው በዚያ አገር ሣር የቀረው እዚያ ብቻ ነው፣ መንገዱም ይህ ኬላ ብቻ ነው። ውኃው ይሸታቸዋል መሰለኝ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል።

ስድሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰውዬ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ አጥሩ ሥር ቆሟል። የከረዩ ኦሮሞ ነው፤ አማርኛውን በኋላ የተማረው መሆኑ ያስታውቃል፣ ግን ይችላል።

«አንቺ ሰው ነሽ?» አላት ገና ከሩቅ።

«ሰው ነኝ፣ አባቴ። ትርንጎ እባላለሁ፣ ሐኪም ነኝ። ኦቦ ጂሎ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ተመስገን። ሰው የለም ወይ ብዬ ይኼን በር ስጠይቀው ጥያቄዎን አልተረዳሁም ይለኛል። ደግሜ ጠየቅኩት፤ ደገመው። ምን ዓይነት ቤት ነው ሰው የለም ወይ ሲሉት የማይገባው?»

«ከብቶችዎ ታመው ነበር?»

«ማን አለ? ከስተዋል እንጂ አንድም አልታመመም።»

«ለበሩ ትኩሳት አላቸው ብለውታል።»

«እኔ?» ጂሎ በትሩን ከትከሻው አወረደ። «ትኩሳት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ከብቶችህ እንዴት አደሩ አለኝ። ደህና አድረዋል፣ እንደታዘዝነው ተተኩሰዋል አልኩት። በቃ።»

የአማርኛ ነገር እንደዚህ ነው። ጠመንጃ ይተኮሳል፣ ከብትም በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ ትኩሳትም ከዚያው ቤት የወጣ ወንድማቸው ነው። የእናት ቋንቋው የሆነ ልጅ ግን ሦስቱን አያምታታም። በሩ ቃሉን ከሥሩ ነቅሎ፣ ሥሩን አይቶ፣ የመሰለውን ፍሬ ሰቀለበት። ከዚያም «የባለቤት ቃል» ብሎ መዝገብ ላይ አኖረው፤ ጂሎ በገዛ አፉ በከብቶቹ ላይ መሰከረ ማለት ነው።

ወደ አጥሩ ተጠጋች። ቅርቧ የቆመችው ዳማ ላም ቀኝ ትከሻ ላይ ሁለት የብረት ጠባሳ ነበር፤ ቅርፊቱ ገና አልወደቀም፣ ዳርና ዳሩ ሲነኩት ይግላል። ላሟ ተንቀጠቀጠችና ሸሸች።

«ለምን ተኮሷቸው? ሳይታመሙ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለ ጂሎ፣ ድምፁ ከፍ እያለ። «እናንተ አይደላችሁም ወይ ያዘዛችሁት?»

አንገቱ ላይ ያለችውን ነጋሪ ዶቃ ጫን አደረጋት። ነጋሪ ዶቃ ኬላው ለአርቢዎች ያደላት፣ የመንግሥትን መልእክት ጮክ ብላ የምታነብ ጌጥ መሳይ ነገር ናት። ያው የጨዋው ድምፅ ወጣ። «ክቡር አርቢ፣ ወደ ኬላ ከመምጣትዎ በፊት ባሉት ሰባት ቀናት ከመንጋዎ ከሦስት አንዱን አስተኩሰው ይምጡ። ያላስተኮሰ አያልፍም።»

«ሰማሽ?» አለ ጂሎ። «እኛ ከብት የምንተኩሰው ሲያነክስ ነው፣ ሲያብጥ ነው። ደህና ላም ማቃጠል ነውር ነው። ሽማግሌዎቹን ጠየቅኩ፤ እኛም አልገባንም፣ ግን ያላስተኮሰ አያልፍም ብሏል አሉኝ። ሳር የለኝም፣ ውኃ የለኝም። ስድሳ አንዱን በእጄ ተኮስኩ። አንዱ ሲያዝ ሌላው ያያል፣ ሁሉም እያየኝ። ሚስቴ ከቤት አልወጣችም፤ ጩኸታቸውን ላለመስማት ጆሮዋን ይዛ ተቀምጣ ዋለች። ጨርሼ ስገባ ውኃ እንኳ አላቀበለችኝም። አሁን ደግሞ ታመዋል ትሉኛላችሁ?»

ትርንጎ እጅ መስታወቷን፣ ማለትም መዝገቡን የምታይበትን ሰሌዳ፣ አወጣችና የመልእክቱን አመጣጥ ፈለገች። ከሁለት ወር በፊት ቢሮው ራሱ የጻፈው እንዲህ ነበር፦ «ከመንጋዎ ከሦስት አንዱን ትኩሳት አስለክተው ይምጡ።» ትክክለኛ ትእዛዝ ነው፤ ለናሙና የሚበቃውን ያህል በሐኪም አስለኩ ነው የሚለው። ዶቃዋ ግን ረጅም ነገር አትወድም። ስለዚህ መልእክቱ በቃል አሳጣሪው አልፏል፤ ይኸው መሣሪያ ሁለት ቃል ባለበት አንዱን እያወጣ ያሳጥራል። «ትኩሳት አስለክተው» የሚለውን አይቶ «አስተኩሰው» አደረገው። አራት ፊደል አተረፈ። ለመሆኑ አርባ ቋንቋ ይናገራል እየተባለ የሚወደስ መሣሪያ ለጂሎ በገዛ ቋንቋው ለምን አልነገረውም? መዝገቡ ላይ «አማርኛ ይችላል» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። መቻሉ ጥፋት ሆነበት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ኬላው ከብቶቹን አቃጥል አለው፤ አቃጠለ። ከዚያ ኬላው ቃጠሎውን አየና በሽታ ነው አለ። ደህና ናቸው ብሎ ቢናገር ደግሞ የተናገረውን ወስዶ መሰከረበት። ሰውየውን አስረው ገርፈው «ለምን ቆሰልክ?» ብለው ቢከሱት ከዚህ ይሻል ነበር፤ ያ እንኳ ግፍ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ዝምታዋ ፊርማ ይሆናል። ለኬላው ኃላፊ ለአቶ ልዑልሰገድ ደወለች።

«ቃጠሎ ነው፣ አቶ ልዑልሰገድ። በሽታ አይደለም። የእኛው መልእክት ነው ያስተኮሳቸው።»

«ዓይኑ ምን ይላል?»

«ቀይ ይላል። ግን...»

«ባለቤቱስ?»

«ተተኩሰዋል ነው ያለው፣ በሩ ነው...»

«ሁለት ምስክር ተስማምቷል» አለ፣ ወረቀት እያገላበጠ እንደሆነ ያስታውቃል። «ቃሌን አነሳለሁ ካለ ደግሞ በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃል፣ መንጋውም አያልፍም። ይጠቅመዋል ብለሽ ነው?»

«መጥተው በዓይንዎ ይዩት።»

«ዓይን አለን እኮ፣ ትርንጎ። ለዚያ አይደል የተከልነው? ዛሬ ከሰዓት እንግዶች አሉብኝ። ጣትሽን አሳርፊና ጨርሺው።»

«አላሳርፍም።»

«እንግዲያው አታሳርፊ። አምስት ሰዓት ላይ ያው ነው።»

ትርንጎ ደሟ ፈላ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው እውነት ነው፤ ይህ ሰው እየነቀነቀ ያለው አጥር የማን እንደሆነ ያውቃል፣ ንቆታልም። «ካልወረዱ» አለችው፣ «እዚሁ አጥሩ ሥር ቆሜ እንግዶችዎን እጠብቃቸዋለሁ። ለእያንዳንዳቸው አንድ በአንድ አሳያቸዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን አቶ ልዑልሰገድ ከትንሿ በር ማዶ ብቅ አለ፣ ፊቱ ተቆጥቶ፣ ነጭ ሸሚዙ አንድም መጨማደድ ሳይኖርበት። በሯ የውጭውን መስታወት ከፍታ አስገባችው። የውስጡ ገና አልተከፈተም።

«እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?» አለችው በሯ።

እሱ ግን የሚያወራው ከትርንጎ ጋር ነው። «ሰው እንግዳ ሊቀበል ሲዘገጃጅ እንዲህ ይደረጋል? ገና አሁን ተተኩሶ ትኩሱን ነው ለብሼው የወረድኩት! እስኪ የትኛዋ ላም ናት?»

የውስጡ መስታወት አልተከፈተም። የውጭው ደግሞ ከኋላው ተዘጋ።

«ሰው አንድ» አለች በሯ። «የባለቤት ቃል፣ ትኩሳት አለ። ምስል፣ ቀይ። ውሳኔ፣ የአርባ ቀን ማቆያ። አረጋጋጭ፣ እባክዎ ያረጋግጡ።»

ትርንጎ እጅ መስታወቷን አየች። አቶ ልዑልሰገድ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ አንገትጌው ዙሪያና ሁለቱ እጅጌዎቹ ላይ ግን ካውያው የተወው ሙቀት ቀይ መስመር ሆኖ ወርዷል። ቀጥ ያለ መስመር። ሳቋ መጣ፤ ጂሎም አንገቱን አስግጎ አየና፣ ምን እንደሆነ ሳይነግሩት ገባውና፣ እሱም ሳቀ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም።

«ክፈቺ!» አለ አቶ ልዑልሰገድ መስታወቱን እየመታ። «ሸሚዝ ነው! ሸሚዝ ተተኮሰ ነው ያልኩት! እይኝ እንጂ!»

«ሁለት ምስክር ተስማምቷል» አለችው ትርንጎ።

«ቀልዱን ተዪው። ጣትሽ ይከፍተዋል።»

«ጣቴ ማሰር እንጂ መፍታት አይችልም፣ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት። የሚፈታው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ የቃል ስህተት ማስታወቂያ። አሁኑኑ እልክልዎታለሁ፣ እርስዎ ይፈርማሉ። 'ተተኮሰ' ማለት ትኩሳት ማለት አይደለም ብለው። በሩ ይከፈትልዎታል፣ በዚያው ቃል የተፈረደበት መንጋም ይፈታል።»

አቶ ልዑልሰገድ መምታቱን ተወ። መልሱ ሲዘገይ ትርንጎ ያልጠበቀችውን ነገር ፊቱ ላይ አየች። ፍርሃት ነበር።

«ሌላ መንገድ ፈልጊ» አለ ቀስ ብሎ።

«ለምን?»

«ያ ማስታወቂያ ወደፊት ብቻ አይሠራም። ወደኋላም ይሄዳል። በዚህ ቃል የተወሰነው ሁሉ ይከፈታል።» ጂሎ እንዳይሰማው ወደ መስታወቱ ተጠጋ። «አሥራ አንድ መንጋ አለ።»

«አሥራ አንድ ምን?»

«ከመልእክቱ ወዲህ የተሸኙ። ሲሶ ሲሶው ቀይ የሆነ።»

ትርንጎ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ያውቁ ነበር?»

«ከሁለተኛው በኋላ አንድ አርቢ አቤት ብሎ ነበር። ያኔ ጠረጠርኩ።» ከዚያ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረ። «ቢታወቅ ምን ይሆናል ብለሽ ታስቢያለሽ? ማንም ኬላውን አያምንም። በጎን ይገባሉ። እውነተኛው በሽታ የገባ ቀን ይህ አገር በሙሉ ባዶ በረት ይሆናል። እኔ ሁሉ ከሚያልቅ አሥራ አንዱ ይሂድ ብዬ ነው የመረጥኩት። መልእክቱን በጸጥታ ላስተካክል አስቤ ነበር፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ።»

«ከእንግዶቹ በኋላ!» ትርንጎ ጮኸች። «ሁለት ሺህ ከብት ገድለው በሩ አይታማብኝ ነው የሚሉት? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እርስዎ ግን መሣሪያውን ፈርተው ሰዉን ነው የመቱት!»

«እኔ?» አለ፣ አሁን በእርጋታ። «እኔ አንድም መንጋ ላይ ጣቴን አላሳረፍኩም፣ ትርንጎ። አሥራ አንዱንም ጊዜ የነበረው ጣት ያንቺ ነው። ምስሉ ፊትሽ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

ይህን የተናገረው ለማምለጥ ነው፣ ግን እውነት ነበር። ትርንጎ ላለፉት ሁለት ወራት ያየቻቸውን ምስሎች ለማስታወስ ሞከረች፤ አንዱም ትዝ አላላትም። ትዝ የሚላት ሻይዋ ነው፣ የክፍሉ ቅዝቃዜ ነው፣ «እባክዎ ያረጋግጡ» የሚለው ድምፅ ነው። አታይም ነበር። እንድታይ ነበር የተቀመጠችው፣ ጣት ብቻ ሆና ቀረች። ዛሬም ሻዩ ባይደፋ ኖሮ አሥራ ሁለተኛው ነበር።

«እውነት ነው» አለችው። «የእኔ ነው። ማስታወቂያው ላይ ስሜን መጀመሪያ ጽፌዋለሁ። አሁን ይፈርሙ።»

«ካልፈረምኩስ?»

«አምስት ሰዓት ላይ መንጋው ይሄዳል። የእርስዎም ሁለት ሰዓት ሲሞላ አርባ ቀንዎ ይጸድቃል። እንግዶችዎ መስታወት ውስጥ ቆመው ያገኙዎታል፤ እኔ ደግሞ አጥሩ ሥር እሆናለሁ።»

አቶ ልዑልሰገድ ሸሚዙን አየ። ሰዓቱን አየ። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው በራሱ እጅ መስታወት ላይ ፈረመ።

«ማስታወቂያው ደርሷል» አለ በሩ፣ በዚያው ጨዋ ድምፁ። «አንድ ሰው ተለቅቋል። መንጋ አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት ተለቅቋል። አሥራ አንድ ውሳኔዎች ተሽረዋል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ተሽረዋል! ከብቶቹ አመድ ሆነው ካለቁ በኋላ ውሳኔው ተሻረ፤ እነሱ ግን አልተመለሱም። በሩ ያንን አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልተሠራም። አቶ ልዑልሰገድ ማንንም ሳያይ ከበሩ ወጥቶ ወደ ቢሮው ሄደ።

አጥሩ ሲነሳ ከብቶቹ ማንንም አልጠበቁም። ውኃው ወደሸተታቸው ወደ አረንጓዴው ክልል እየተጋፉ ፈሰሱ፤ የተተኮሱትም ያልተተኮሱትም። መንጋውን አብረውት የነዱት የጂሎ ወንድም ልጆች እየሮጡ ተከተሏቸው። ጂሎ ግን አልተከተለም። በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ትርንጎን እያየ ቆመ። ምስጋና የጠበቀች እንደሆነ አላውቅም፤ አላመሰገናትም።

«ከሰውዬው ጋር ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ» አለ። «አሥራ አንድ መንጋ ብሎሻል።»

«አዎ።»

«ወርዮ የሚባል ጎረቤት አለኝ። ባለፈው ወር መጥቶ ነበር። መቶ ሃያ ከብት ነበረው። አሁን የለውም። ከብቶቼ በውስጣቸው በሽታ ነበረባቸው፣ እኔ ሞኙ ሳላይ ቀረሁ ይላል። ሕይወቱን ሙሉ ከብት ያየ ሰው ዓይኔ ጠፋ ብሎ ቤት ተቀምጧል። ከልጆቹ ጋር አይበላም።» አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተጠጋ። «የአንቺ ጣት ነው?»

«የእኔ ነው።»

ጂሎ ረጅም ጊዜ አያት። ትርንጎ ዓይኗን መሬት ላይ ልትጥል ፈለገች፣ ግን አልጣለችም።

«እንግዲያው ትሄጂያለሽ» አለ። «ደብዳቤ አይላክም። ዶቃም አይነግረውም። አንቺ ትሄጂያለሽ። ከዚህ ግማሽ ቀን ነው፣ መንገዱን እኔ አሳይሻለሁ።»

«እሺ። አሁኑኑ እንሂድ።» ካፖርቷን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለችው። ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ጠየቀችው። «ኦቦ ጂሎ፣ ምን ብዬ ልንገረው?»

«በአማርኛ አትንገሪው።»

«ኦሮምኛ አልችልም።»

ጂሎ ሳይቆም፣ ወደኋላም ሳይዞር መለሰላት።

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ፊቱ ቁሚ። ወርዮ ሰው ነው፣ አይቶሽ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ቢመታሽ ግን እኔ አልይዘውም።»

«አይያዙት» አለች ትርንጎ።